«ኤኮስ» ወይስ «ሻይን ኦን»? ስለ ሁለት ረጃጅም የፒንክ ፍሎይድ ሥራዎች ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሐዋሳ ውስጥ አራት ጓደኛሞች ሆነን እንጫወታለን። እኔ ጊታር ነኝ፤ ሌሎቹ ኪቦርድ፣ ቤዝና ድራም ናቸው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያለ አንድ ሎጅ በሚያዘጋጀው የሙዚቃ ምሽት ላይ ከእንግሊዙ የሮክ ቡድን ከፒንክ ፍሎይድ ረጃጅም ሥራዎች አንዱን ለማቅረብ አስበናል። እኔና ድራም ተጫዋቹ ‹ኤኮስ› ይሁን ስንል ሌሎቹ ‹ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ› ካልሆነ አሉ። ለመሆኑ ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው ነው? እኛስ የትኛውን ብንጫወት ይሻላል? ሰው እንዳይሰለች ማሳጠርስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልመልስ። እኔ አብልጬ የምወደው «ሻይን ኦን»ን ነው። እናንተ እንድትጫወቱ የምመክረው ደግሞ «ኤኮስ»ን ነው። ሁለቱ መልሶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ከመሰለህ ትዕግሥት አድርገህ እስከ መጨረሻው አንብብ፤ ስለ ሁለት ረጃጅም ሥራዎች የጠየቀ ሰው ረጅም መልስ ቢደርሰው ሊከፋው አይገባም።

ብዙ ሰው እነዚህን ሥራዎች የሚያወዳድረው በደቂቃ ነው። «ኤኮስ» 23 ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣውን «ሜድል» የተባለ አልበም የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ ብቻውን ይዞታል። «ሻይን ኦን» ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ሲሆን ሲደመር 26 ደቂቃ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ዊሽ ዩ ዌር ሂር» ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍሎች አልበሙን ይከፍታሉ፣ የቀሩት አራቱ ይዘጉታል፣ በመካከላቸው ሦስት ሌሎች ዘፈኖች አሉ። ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። ርዝመቱ የሚሠራው ሥራ ግን ለየቅል ነው። የ«ኤኮስ» ርዝመት የመንገድ ርዝመት ነው፤ ትነሣለህ፣ ትሄዳለህ፣ መሃል ላይ ትጠፋለህ፣ ሌላ ሰው ሆነህ ትመለሳለህ። የ«ሻይን ኦን» ርዝመት የመጠበቅ ርዝመት ነው። እዚያ ማንም የትም አይሄድም፤ ሁሉም ተቀምጦ አንድ ሰው ይጠብቃል። ይህን ልዩነት ካልያዛችሁ የትኛውንም ብትመርጡ ተመልካቹ ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ ስልኩን ያወጣል።

ከ«ኤኮስ» ልጀምር። ሥራው ሲጀመር ሐሳብ የሚባል ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጀመሪያ ላይ አራቱ የቡድኑ አባላት፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሮጀር ዋተርስ፣ ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ጊልሞር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ሪቻርድ ራይትና ድራም ተጫዋቹ ኒክ ሜሰን፣ ለንደን ውስጥ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲገቡ የተጻፈ ዘፈን አልያዙም። አንዱ ሌላው ምን እንደሚጫወት ሳይሰማ የየራሱን እንዲቀርጽ እስከ ማድረግ ደርሰዋል። ከዚህ የተገኙትን ቁርጥራጮች «ምንም 1»፣ «ምንም 2» እያሉ እስከ 24 ቆጠሯቸው። አብዛኞቹ እንደ ስማቸው ሆነው ቀሩ። የተረፉት ተሰፍተው አንድ ሲሆኑ ሥራው «የምንም ልጅ»፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የምንም ልጅ መመለስ» ተባለ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 22 ቀን ኖርዊች በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ መድረክ ላይ ሲቀርብ መጠሪያው ገና ይህ ነበር።

ከቁርጥራጮቹ መካከል ነፍስ የዘራባቸው አንዲት ኖታ ናት። ራይት ፒያኖው ላይ ቢ የተባለችውን ከፍ ያለች ኖታ ሲመታ ድምፁ በማይክሮፎን ተወስዶ ሌስሊ በተባለው የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ። የወጣው ድምፅ ፒያኖነቱ ጠፍቶ ውኃ ውስጥ እንደሚላክ ምልክት ያለ ነገር ሆነ፤ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይመታል። ልብ በል፤ ሥራው የቆመው በሲ ሻርፕ ማይነር፣ ማለትም መነሻው ሲ ሻርፕ በሆነ ቅኝት ነው። ቢ በዚህ ውስጥ ሰባተኛዋ ድምፅ ናት፤ ከመነሻው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብላ ቆማለች፣ አትገባም። ስለዚህ ጆሮ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ «ቀጥሎስ?» ማለት ይጀምራል። ብዙ የሙዚቃ ቡድኖች ተመልካች ለመያዝ ከፍተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። እነዚህ አራት ሰዎች በአንዲት ኖታና በዝምታ ያዙት።

ከዚያ ጊታሩ ይገባል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ድራሙ መጨረሻ ይመጣል። ዝማሬው የሚጀምረው ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። ጊልሞርና ራይት ሁለት ድምፅ ሆነው አብረው ይዘፍናሉ። ግጥሙን የጻፈው ዋተርስ ነው፤ ከአየርና ከባሕር ወለል ተነሥቶ መንገድ ላይ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙና አንዱ በሌላው ውስጥ ራሱን ሲያይ ይደርሳል። ቀድሞ ስለ ህዋና ስለ ከዋክብት በመዝፈን ይታወቅ የነበረው ቡድን ፊቱን ወደ ሰው ያዞረው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ዓለምን ያዳረሰው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የመጣው በዚህ በር ገብቶ ነው።

ከዝማሬው ቀጥሎ በግማሽ ድምፅ ደረጃ እየወረደ የሚንከባለለው የጊታርና የኦርጋን መስመር አለ። ዋተርስ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የታወቀ የሙዚቃ ቲያትር ይህችን መስመር ወስዶብኛል እያለ አማርሯል፤ ክስ ግን አልመሠረተም። ሰባተኛውን ደቂቃ ስታልፉ ሥራው መልኩን ለውጦ ወገብ የሚያወዛውዝ ምት ይይዛል። እዚህ ላይ ድራም ተጫዋቻችሁ ሜሰንን በደንብ ያዳምጥ። ሜሰን ፈጣን ተጫዋች አይደለም፤ አያጌጥም፣ አይቸኩልም፣ ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። ለእውነቱ ከሆነ ይህ ክፍል በእኔ ጆሮ አንድ ደቂቃ ይረዝማል። ጊልሞርና ራይት እየተቀባበሉ የሚያደርጉት ጨዋታ ግን ይክሰዋል።

አሥራ አንደኛውን ደቂቃ አለፍ ስትሉ ምቱ ይሟሟል፣ ነፋስ ብቻ ይቀራል። ነፋሱን የሚያሰማው ዋተርስ ነው፤ የቤዙን ክሮች በብረት እየፋቀ ድምፁን ቢንሰን በተባለ የጣሊያን የገደል ማሚቶ መሣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል። በነፋሱ ላይ የሚጮኸው ደግሞ የጊልሞር ጊታር ነው። ጠዋት በሐዋሳ የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ጀልባዎቹ ሲጠጉ ተገኝተህ ከሆነ ይህን ጩኸት ታውቀዋለህ፤ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ዝም ብለው ሲቆሙ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ከዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚያወጣው ቀጭንና ተሰባሪ ድምፅ ነው። ጊልሞር ያንን ያገኘው በአጋጣሚ ነው። በእግር የሚረገጠው የጊታር ድምፅ መለወጫ፣ የዋዋ ፔዳሉ፣ መግቢያና መውጫ ገመድ ተገለባብጦ ተሰካ፤ ፔዳሉም ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሚቆጣጠረው ክር በመምታት ሳይሆን የጊታሩን የድምፅና የቃና መቆጣጠሪያ በማዞር ነው። አንተም ሞክረው፤ ነገር ግን ሁሉም ፔዳል አይታዘዝም፣ ከአዲሶቹ ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። ከሰው ተውሰህ ሁለት ሦስት ዓይነት ብታወዳድር ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ጣል ላድርግ። የሎጁን ድምፅ የሚቆጣጠረውን ሰው አስቀድማችሁ አነጋግሩት። የመድረክ ድምፅ ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው በመሆኔ የሙያ ባልደረቦቼን አውቃቸዋለሁ፤ ካልተነገረው በቀር ጊታሩ ማልቀስ ሲጀምር መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ድምፁን ይዘጋባችኋል። «ከዚህ እስከዚህ ደቂቃ የምትሰማው ሁሉ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው» ብላችሁ በወረቀት ጻፉለት። ማይክሮፎኖቹንም በስፖንጅ ሸፍኑ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የራሱን ክፍል መጫወት ይወዳል።

የ«ኤኮስ» ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚህ ባዶነት በኋላ ነው። ኦርጋኑ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ያቺ ቢ እንደገና ትሰማለች፣ የታፈነው ጊታር ከሩቅ እየተንኳኳ ይቀርባል፣ ሁሉም ነገር ለደቂቃዎች ይወጣል ይወጣል። ሦስተኛው ዝማሬ የሚገባው ከአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ዜማው ያው የመጀመሪያው ዜማ ነው፤ አንዲት ኖታ አልተለወጠችም። አንተ ግን ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ በሌላ ጆሮ ትሰማዋለህ። በአራት ደቂቃ ዘፈን ይህን ማድረግ አይቻልም። ረጅም ሥራ ርዝመቱን የሚያስከብረው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ወደ «ሻይን ኦን» ልሂድ። እሱም የተነሣው ከትንሽ ነገር ነው፤ አራት ኖታዎች ናቸው፤ ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኢ። እ.ኤ.አ. በ1974 ልምምድ ላይ ሳሉ ከጊልሞር ጣት ወጡ፤ ዋተርስ ሲሰማቸው አንድ የሄደ ሰው ትዝ አለው። ያ ሰው ሲድ ባሬት ነው። የቡድኑን ስም ያወጣው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘፈኖቹን የሚደርሰው፣ ጊታር የሚጫወተውና የሚዘፍነው እሱ ነበር። ከዚያ አእምሮው እየታወከ፣ ዕፁም እየጨመረበት ሄደ፤ መድረክ ላይ ቆሞ አንዲት ኮርድ ይዞ የሚቀርበት ጊዜ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ከቡድኑ ተለየ። አልሞተም። እናቱ ቤት ገብቶ የሚኖር፣ ማንም የማያገኘው ሰው ሆነ እንጂ።

የእኛ አገር ሰው ይህን ዓይነት ዘፈን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ሙሾ ለሞተ ሰው ይወርዳል፤ የሟቹ ደግነትና ጀግንነት እየተጠራ ይለቀሳል። «ሻይን ኦን» የቁም ሙሾ ነው። ወጣትነቱን፣ ብርሃኑን፣ ዓይኑን እያነሣ ያወድሳል፣ ያ ዓይን ዛሬ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ መልሶ በርዕሱ ቃል «አብራ» ይለዋል። የሚያወድሱት ሰው ግን በሕይወት አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ጁን ወር ላይ ሆነ። ቡድኑ አቢ ሮድ ውስጥ ይህንኑ ሥራ ሲያጠናቅቅ አንድ ወፍራም ሰው፣ ጸጉሩንና ቅንድቡን የተላጨ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሲንጎራደድ ታየ። ማን እንደሆነ አላወቁትም፤ አንዱ ሌላውን እየጠየቀ ቆዩ። ባሬት ነበር። ሲያውቁት ዋተርስ እንባውን መቆጣጠር አቃተው። ለሲድ የተዘፈነውን ሲድ ተቀምጦ ሰማ፤ የተለየ ነገር እንደነካውም አልታየበትም። ባሬት ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የሞተው።

ወደ አራቱ ኖታዎች ልመለስ፤ ለሐዋሳ ልጆች ዋናው ወጥመድ ያለው እዚያ ነው። ሥራው በጂ ማይነር የቆመ ነው። ትዝታ ማይነርን ከጂ ብትቃኘው የሚኖሩህ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ እና ኢ ፍላት ናቸው። ከልጅነታችን የሰማነው ይህንኑ ስለሆነ ኪቦርድ ተጫዋችህም አንተም አራተኛዋ ኖታ ላይ ስትደርሱ ጣታችሁ ወደ ኢ ፍላት መውረድ ይፈልጋል። ብትወርዱ ያምራል፤ ሰውም ይወደዋል፤ አንጀት የሚበላ የትዝታ ሐረግ ይወጣዋል። ያን ጊዜ ግን «ሻይን ኦን» የለም። የዋተርስን ልብ የወጋችው ኢ ናት፤ በዚያ ሐዘን መካከል ግማሽ ድምፅ ከፍ ብላ ቀጥ ብላ የቆመች፣ አብራ የማታዝን ኖታ። ጊልሞር ደጋግሞ ሲመታት ምንም ሳይከተላት ብቻዋን አየር ላይ ትቆያለች። ተማሪዎቼን በዚህች ኖታ ስፈትናቸው ለማለስለስ ጣታቸውን ያንቀጠቅጣሉ። እኔ ደግሞ «አታባብላት፣ ተዋት» እላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ ምቱ ነው። ስድስት በስምንት፣ ማለትም በስድስት የሚቆጠር ምት፣ ስለሆነ ድራም ተጫዋችህ «ይህማ የእኛው ነው» ማለቱ አይቀርም። እውነትም ስድስት በስምንት የእኛው ነው፤ በችክችካ ያደገ ሰው ይህን ምት ማንም ሊያስተምረው አይችልም። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። «ሻይን ኦን» በጣም ዝግ ያለ ስለሆነ በምትና በምት መካከል ትልቅ ባዶ ቦታ አለ፤ የችክችካ እጅ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፣ ገብቶ ይሞላዋል። አንድ ጊዜ ከተሞላ እስክስታ መውረድ እንጂ መጠበቅ ያበቃል። ስለ መጠበቅ ያልኩህ ይህ ነው፤ ድራሙ የሚገባው አራተኛውን ደቂቃ አልፎ ነው፣ ድምፃዊው አፉን የሚከፍተው ስምንት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ሁሉ ደጅ መጥናት ነው። ሎጅ ውስጥ ዓሣ ጥብስና ቢራ የቀረበለት ሰው ስምንት ደቂቃ ደጅ አይጠናም፤ ወሬውን ይቀጥላል፣ የመክፈቻው ስስ የሲንተሳይዘር ድምፅም በወሬው ሥር ይቀበራል። የ«ኤኮስ» ቢ ግን ጠብ ስትል ወሬ ታቋርጣለች።

ሦስተኛው ጉዳይ የሰው ብዛት ነው። «ሻይን ኦን» የአራት ሰው ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው አጋማሽ የሚዘጋው በዲክ ፓሪ ሳክስፎን ነው፤ ባሪቶን ይጀምራል፣ ወደ ቴነር ይለውጣል፣ ምቱም በዚያው ወደ አሥራ ሁለት በስምንት ይገለበጥና ፍጥነቱ በእጥፍ የጨመረ ይመስላል። ከበስተኋላ ሁለት ሴት ድምፃውያን አሉ፤ ቬኔታ ፊልድስና ካርሌና ዊልያምስ። ራይት ደግሞ በብዙ ኪቦርዶች ድምፅ ላይ ድምፅ ደራርቧል፤ በመክፈቻው ላይ በወይን ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ጣት በማሽከርከር የተቀረጸ ድምፅ ሳይቀር አለበት። ኪቦርድ ተጫዋችህ አንድ ኪቦርድና ሁለት እጅ ነው ያለው። ሳክስፎኑን በጊታር እተካዋለሁ እንዳትለኝ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ባስፎከረበት አገር ሳክስፎን ለሚጠይቅ ቦታ ጊታር ማቅረብ ነውር ነው። ጥሩ ቴነር ተጫዋች አግኝታችሁ ያንን ክፍል በሽለላ መንፈስ እንዲነፋ ብታደርጉት፣ ያን ቀን እኔም ከፊት ወንበር ላይ እገኛለሁ።

የትኛው ይበልጣል ላልከው፣ ፍርዴን ልስጥ። እንደ ዘፈን «ሻይን ኦን» ይበልጣል። አንድ ሐዘን ይዞ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው አይለቀውም። ዋተርስ ለሁለት መክፈሉን ጊልሞር አልወደደውም ነበር፤ እኔ ግን ከዋተርስ ጋር ነኝ። በመካከል ያሉት ዘፈኖች የሙዚቃ ንግድ ሰውን እንዴት እንደሚፈጨው ሲያሳዩህ ቆይተው ያ ዜማ ከነፋስ ውስጥ ሲመለስ፣ የሄደው ሰው ለምን እንደሄደ ገብቶሃል። እርግጥ ስምንተኛው ክፍል ይላላል፤ የልምምድ ክፍል ውስጥ መቅረት የነበረበት ጨዋታ ነው። ዘጠነኛው ግን የራይት ብቻ ነው፤ የቀብር ሰልፍ የመሰለ ዝግታ አለው፣ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ራይት ባሬት እ.ኤ.አ. በ1967 ከደረሰው «ሲ ኤሚሊ ፕሌይ» ላይ ቁራጭ ዜማ ወስዶ በሲንተሳይዘር ጣል ያደርጋል። ድምፁ ከፍ ብሎ ካልተከፈተ አይሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ሌላ ዘፈን የተቀላቀለ መስሎኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ግን ያችን ቦታ ሳልጠብቅ አልፌ አላውቅም።

እንደ ቡድን ሥራ ከሆነ «ኤኮስ» ይበልጣል፤ በሩቅም ይበልጣል። አራት ሰዎች እርስ በርስ ሲደማመጡ የሚፈጠር ነገር ነው፣ አንዱ ቢነሣ ይፈርሳል። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ጊልሞር እ.ኤ.አ. በ2006 ከራይት ጋር በመድረክ ላይ «ኤኮስ»ን በድንቅ ሁኔታ ተጫውቶታል፤ ራይት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞት ግን ያለ እሱ አልጫወተውም አለ። «ሻይን ኦን»ን ግን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መጫወቱን ቀጥሏል። እንግዲህ ነገሩን ተመልከት፤ ስለ አንድ የጎደለ ሰው የተዘፈነውን ማንም ሊጫወተው ይችላል፣ ስለ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች መገናኘት የተዘፈነው ግን አንድ ሰው ሲጎድል ተዘጋ።

እናንተ አራት ናችሁ፤ መሣሪያችሁም የእነዚያው አራቱ ነው። ለዚህ ነው «ኤኮስ» ያልኩህ። ሌስሊ ማጉያ ፍለጋ አትድከሙ፤ አብዛኛው ኪቦርድ የሚሽከረከር ማጉያ ድምፅ ማስመሰያ አለው። ፒያኖውን በእሱ አሳልፉት፣ ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመውን ዲሌይ ጨምሩበት፣ ከዚያ ኖታዋን በጣት ጫፍ ሳይሆን በክንድ ክብደት ምቱ። የሚያስቸግራችሁ ዝማሬው ነው። ሁለቱ ድምፆች ተጠጋግተው፣ ሳይርገበገቡ፣ እንደ አንድ ትንፋሽ መሄድ አለባቸው። እኛ ዜማ ስንጨርስ መጨረሻውን ማርገብገብ እንወዳለን፤ ለትዝታ ጌጥ ነው፣ እዚህ ግን ሁለቱን ድምፆች ያጣላቸዋል። አንተና ኪቦርድ ተጫዋቹ ያለ መሣሪያ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ተለማመዱት። የመጨረሻውን ሽቅብ የሚወጣ የድምፆች ማዕበል በስቱዲዮ የተሠራ ስለሆነ መድረክ ላይ አትሞክሩት፤ ጊታርና ኦርጋኑ እየተቀባበሉ ቀስ ብለው ቢከስሙ ይበቃል።

ቀረጻውን ብቻ ከምትሰሙ የእጃቸውን እንቅስቃሴም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኦክቶበር ላይ ፖምፔ በተባለችው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ አንድም ተመልካች በሌለበት የድንጋይ ስታዲየም ቆመው ሲጫወቱ አድሪያን ማበን የተባለ ዳይሬክተር ፊልም ቀርጿቸዋል። «ኤኮስ» እዚያ ውስጥ ከሞላ ጎደል የመድረክ መልኩን እንደያዘ አለ። ራይት ከጊልሞር ላይ ዓይኑን እንደማይነቅል ታያለህ፤ እናንተም እንዲያ ቁሙ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ሕዝቡን ከማየት በግማሽ ክብ ዞራችሁ ተያዩ።

ማሳጠር ይቻላል ወይ ላልከው፣ አይቻልም ባልልህም አትቁረጡት። ሰው ሁሉ ለመቁረጥ የሚቸኩለው የነፋሱን ክፍል ነው፤ እሱ ሲወጣ ግን መመለሱ ትርጉም ያጣል፣ የቀረው ሁለት ተመሳሳይ ዘፈን ይሆናል። ይልቅ ያንኑ የፖምፔውን ፊልም ዘዴ ተዋሱ። እዚያ «ኤኮስ» መሃል ላይ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ግማሽ ፊልሙን ይከፍታል፣ ሁለተኛው ይዘጋዋል። ምሽቱን እናንተ ክፈቱ፤ ከመጀመሪያዋ ኖታ ጀምራችሁ ምቱ እስኪሟሟ ተጫወቱና ሳታስጨበጭቡ ሳታመሰግኑ ከመድረክ ውረዱ። ሌሎቹ ተራቸውን ይጫወቱ። መጨረሻ ላይ ነፋሱን ይዛችሁ ተመለሱ። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲበላና ሲጫወት ቆይቶ ያቺ ቢ እንደገና ስትሰማ የሚያደርገውን ታያላችሁ። አዘጋጁን ግን ከወዲሁ አነጋግሩት፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተራ የእናንተ ካልሆነ ዘዴው አይሠራም።